አንድ እግሯ ጀልባው ውስጥ

ባለፈው ጥቅምት ለሌላ ጉዳይ ኦክላንድ ሄጄ፣ ልጅ ሆኜ በኖርኩበት ሰፈር በእግሬ ሳልፍ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ በነጭ ሽንኩርት የሚፈላ አቼቶ ሸተተኝ። ቆምኩ። በጠረን ተስበው ወደ ልጅነት የሚመለሱ ጽሑፎችን አልወድም፤ አብዛኞቹ ለቅሶ ቤት ይመስሉኛል። አፍንጫ ግን ባለቤቱን አያማክርም። ቀና ስል ደግሞ በምግብ ቤቱ የጎን ግድግዳ ላይ ጋሽ ሩፊኖን አየኋቸው።

ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። የሣር ባርኔጣ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ አስፓራገስ የሚሉትን አረንጓዴ ተክል በቢላ ይቆርጣሉ። ሠዓሊው እጃቸውን ከፊታቸው አስበልጦታል። ከሥር ስማቸው ተጽፏል፤ ከስማቸው ቀጥሎ «ካሊፎርኒያን የመገቡ እጆች» ይላል። ሌላ ቃል የለም።

ጋሽ ሩፊኖ የሣር ባርኔጣ ይጸየፉ ነበር። ደራሲ ነበሩ። ጽሑፍ የሚሞክሩ ታታሪ ሠራተኛ አላልኩም፤ ደራሲ ነው ያልኩት። ኩሩ፣ ነገረኛ፣ በሌላ ደራሲ የሚቀና፣ ሥራውን የሚያውቅ ደራሲ። እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ያበሸቀኝ ነገር እስካሁን አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ነገሩ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀድሞን አሜሪካ ገባ፤ እናቴና እኔ ካርቱም ላይ ለዓመታት ስንጠብቅ ቆየንና አንድ ቀን አውሮፕላን ተሳፍረን ተከተልነው። አባቴ ታክሲ ይነዳል። እናቴ አዲስ አበባ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ ኦክላንድ ላይ የሆስፒታል አልጋ ታነጥፋለች። ጋሽ ሩፊኖ ከኛ ሥር፣ አንደኛ ፎቅ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የአገራቸው ሰዎች «ማኖንግ» ይሏቸዋል። አባቴ ትርጉሙን ጠይቆ «ታላቅ ወንድሜ እንደማለት ነው» ሲሉት፣ «በቃ ጋሼ ነዋ!» አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኛ ጋሽ ሩፊኖ ሆኑ። ሁለቱንም ማዕረግ እንደሚገባቸው ግብር ተቀበሉት።

ሁለቱ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሁለቱም እንግሊዝኛ ያነክሳል። በትዝታዬ ውስጥ ግን አባቴ ሁልጊዜ አንቱ እያላቸው በአማርኛ ነው የሚያወራቸው፤ እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

ያን ዓመት አስተማሪያችን አገሮችን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አስወጣችን። ደግ ሴት ነበረች፤ ደግነቷን ማንም አይክድም። አንቱታዬን ግን ለእሷ አላባክንም። ዳኒሎ ለሚባለው ፊሊፒናዊ ልጅ ኖርዌይ ደረሰው። ለእኔ ፊሊፒንስ። ኢትዮጵያ ባርኔጣው ውስጥ አልነበረችም። ያን ዓመት ቴሌቪዥኑ በየማታው ረሃባችንን ነበር የሚያሳየው፤ የተራበ ሕዝብ መጽሐፍም ይጽፋል ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። የሪፖርቱ ርዕስ ተሰጥቶናል፦ «የአገሪቱ ታዋቂ ጸሐፊዎችና ለሥነ ጽሑፍ ያበረከቱት አስተዋፅኦ»።

አስተዋፅኦ የሚለውን ቃል ያኔም አልወደድኩትም። አስተዋፅኦ የሚያደርግ ሰው ለሰው ድግስ ወንበር የሚያውስ ጎረቤት ነው፤ ድግሱ የሌላ ነው፣ ወንበሩም ጓሮ በኩል ይገባል። የእንግሊዝን ደራሲ ማንም «ምን አስተዋፅኦ አደረገ?» ብሎ አይጠይቀውም። እሱ ባለቤት ነዋ!

የትምህርት ቤቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ስለ ፊሊፒንስ ሩዝ፣ ኮኮናትና እሳተ ገሞራ ብዙ ያወራል። ስለ ጸሐፊዎቿ ያለው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሁለተኛው ስለ አንደኛው ደራሲ አሟሟት።

«ታች ያሉት ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ታይፕ ሲመቱ ነው የሚውሉት» አለች እናቴ። «ከመጽሐፉ ጋር ከምትጣዪ እሳቸውን ጠይቂ።»

ወረድኩ። ክፍላቸው አቼቶና የፀጉር ቅባት ይሸታል። በሩ ጀርባ ላይ ክሬም ቀለም ያለው ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የጽሕፈት መኪና፣ ከአጠገቡ ቃሪያ የተነከረበት የአቼቶ ጠርሙስ። ርዕሱን አነበብኩላቸው።

«ታዋቂ ያላቸው ማን ነው?»

«አስተማሪዬ።»

«ማንን አንብባ?»

ወንበር በእግራቸው ገፉልኝ።

«ጻፊ። መጀመሪያ የማኒላው ሰውዬ። ፈረንጆቹ እንግሊዝኛን ያመጡልን ለጸሎትና ለትእዛዝ ነበር፤ እሱ ይዞት ዓሣ ገበያ ገባ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ኮማ፣ ያቺን ነጠላ ሰረዝ፣ ያባክናል። ኮማውንም ጻፊ።»

ጻፍኩ።

«ቀጥሎ ያቺ ሴትዮ። ከእሷ በፊት በልብወለዶቻችን ውስጥ ሴቶች ያለቅሱ ነበር፤ እሷ መልስ እንዲመልሱ አደረገቻቸው። ጉድለቷ፣ የወደደችውን ሁሉ በሳንባ በሽታ ትገድላለች። ከዚያ ደግሞ ቲያትር ጸሐፊው አለ። ገዢዎቹን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ሰደባቸው፤ እነሱ ስለ ሌላ ሰው መስሏቸው ሲስቁ አመሹ። ሲገባቸው አሰሩት።»

እንዲህ ሲያወሩ ሰዎቹ ትናንት ደረጃው ላይ ያገኟቸው ነበር የሚመስለው። እኔም እንደዚያው ገባኝ፦ ደራሲዎቹ ሁሉ እኛ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ። ኮማ የሚያባክነው ማን እንደሆነ በቀላሉ ለየሁት፤ አራተኛ ፎቅ ያለው፣ ቧንቧ ክፍት እየተወ ውኃ የሚያፈሰው ሰውዬ ነው። የወደደችውን በሳንባ የምትገድለው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ፊሊፒናዊት ነርስ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ከረሜላ ስትዘረጋልኝ ጮኼ ሮጥኩ።

«ምን አደረገችሽ?» አለች እናቴ።

«ወዳኛለች!» አልኩ። «የወደደችውን ደግሞ ትገድላለች!»

እናቴ ይዛኝ ወረደች። ጋሽ ሩፊኖ ሰምተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ድንገት ኮስተር አሉ። «ሴትዮዋ ከሞተች ቆይቷል» አሉ። «ሞታም ኦክላንድ ላይ ሕፃን ታሯሩጣለች። ለእኔ እንዲህ የሮጠልኝ ሰው የለም።»

ቅናታቸው እውነተኛ ነበር። ምክንያቱም ቀስ እያለ ወጣ። ጋሽ ሩፊኖ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ አይደለም፤ በኢሎካኖ ነው፣ በሰሜን ፊሊፒንስ ቋንቋ። አሜሪካ ከመጡ በኋላም ምዕራፍ በምዕራፍ በፖስታ እየላኩ አገራቸው ላለ ሳምንታዊ መጽሔት ልብወለድ ይጽፉ ነበር። መጽሔቱን የጫነው አውቶቡስ ሲደርስ ሴቶች ወፍጮ ትተው ይወጣሉ፤ ማንበብ የምትችለው ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕሪዎቹን ይሰድባሉ። በወጣትነታቸው ደግሞ በበዓል ቀን አደባባይ ላይ ሁለት ገጣሚ በግጥም ሲከራከር፣ ሕዝቡ ሲፈርድ፣ እሳቸው ተከራካሪ ነበሩ። እኛም እንካ ስላንትያ አለን ስላቸው ወዲያው ግጠሚኝ አሉኝ፤ እሳቸው በኢሎካኖ፣ እኔ በአማርኛ። ማናችንም የሌላውን ሳንሰማ ሁለታችንም አሸነፍን።

የመጨረሻው ልብወለዳቸው ግን አላለቀም። የአገራቸው ገዢ ወታደራዊ ሕግ አወጀ፤ መጽሔቱ ተዘጋ። ሲከፈትም የእሳቸውን ታሪክ የሚያስታውስ አዘጋጅ አልነበረም። ታሪኩ የተቋረጠው ወንዝ ዳር ነው። ባሏ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ነይ ብሎ የላከባት ሴት፣ አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አስገብታ፣ አንዱ ገና መሬት ላይ ነው። ጀልበኛው «እንሂድ?» ይላታል። በቃ። እዚያ ቀረች።

«መጨረሻውን ጽፌዋለሁ» አሉኝ፣ መሳቢያውን መታ መታ እያደረጉ። «ማንም አልሰማውም። እዚያ መንደር ውስጥ አንዲት ሴት ምን ሆነች እያለች አርጅታለች፤ አውቃለሁ።»

የዛሬ ብልሆች ይህን ሲሰሙ «ያቺ ሴት ትተዋት የመጡት ሚስታቸው ናት» እንደሚሉ አውቃለሁ። ሚስታቸው ትሁን አትሁን አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ፈጠራ የሚፈቀደው ለአንዳንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኛ ስንጽፍ ምስክርነት ይሉታል።

ሪፖርቴን ሰጠሁ። ኮማውንም፣ የሳንባውንም፣ ሲስቁ ያመሹትንም ገዢዎች ጽፌ፣ መጨረሻ ላይ ጋሽ ሩፊኖን ጨመርኩ፤ በካሊፎርኒያ እርሻዎች ለዓመታት አስፓራገስ መቁረጣቸውንም። በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭሽ የት አለ?» ተብሎ ተመለሰ።

«ታች ቤት ነው ያለው» አልኳት።

አስተማሪዬ ሳቀች። ይዘሽው ነይ አለችኝ፤ የክፍላችን እንግዳ ይሁን።

ጋሽ ሩፊኖ ዜናውን ሲሰሙ ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ወጡ። ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ጀመርን። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ እወርዳለሁ፤ መጀመሪያ በኢሎካኖ ጮክ ብለው ያነቡልኛል፣ ምቱን በመዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ እየጠበቁ። ቀጥሎ እንግሊዝኛውን ይሞክሩና ምቱ ሲሰበር ይሳደባሉ። እኔ ቃል አቀብላለሁ። «ለስላሳ ነው፣ ሌላ!» ይሉኛል። «የከተማ ቃል ነው፣ ሌላ!» አንዳንዴ ምሳቸውን ረስተው ድስቱ ያርራል። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ያን ያህል የተጣላሁበት ገጽ የለም።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ በታክሲው ወሰደን፤ መስተዋቱን ሳይቀር ወልውሎታል። ጋሽ ሩፊኖ ክሬሙን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በደረታቸው ይዘው ክፍል ሲገቡ፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ልማድ ብድግ አልኩ። ሌላ የተነሳ የለም።

«ቲጂ፣ ተቀመጪ» አለች አስተማሪዬ። ትዕግስት የሚለው ስሜ ረዝሞባት ነው።

ሰሌዳው ላይ አስፓራገስ ሣላ ነበር። «ዛሬ እንግዳችን» አለች፣ «ስለ እርሻ ሥራና ስለ ጥንካሬ ይነግሩናል።»

ጋሽ ሩፊኖ ሰሌዳውን አዩ። እኔን አዩ። «የመጣሁት ልብወለድ ላነብ ነው» አሉ።

«በጣም ደስ ይላል! ግን መጀመሪያ ልጆቹ ጥያቄ አላቸው።»

አንዱ እባብ ነድፏቸው እንደሆነ ጠየቀ። አንዷ የት ይተኙ እንደነበር። እጃቸውን እንዲያሳዩ ተለመኑ፤ አላሳዩም፤ ኪሳቸው ከተቱት። «እባብ አለ። ጎተራ ውስጥ ነበር የምንተኛው። አሁን ላንብብ?» አሉና ፈቃድ ሳይጠብቁ ጀመሩ።

አነበቡ። ወንዙ፣ ጭቃው፣ አቅመ ቢሷ ጀልባ፣ የሴትየዋ አዲስ ጫማ። ዳኒሎ አፉን ከፍቶ ነበር። በሩ አጠገብ የቆመው አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ፣ እንደ ሕፃን ያዳምጣል። አንድ ገጽ ሲቀር አስተማሪዬ ትከሻቸውን በስሱ ነካች።

«በጣም ውብ ነው። ልጆቹ ግን እውነተኛ ሕይወትዎን ቢሰሙ ይጠቀማሉ።»

«ይህ ሕይወቴ አይደለም። ልብወለድ ነው።»

«አዎ፣ ለዚህ እኮ ነው» አለችና ወደኛ ዞራ እጇን አጨበጨበች። ክፍሉ ተከትሏት አጨበጨበ። ሰውን ከመድረክ በጩኸት ሲያወርዱ ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ በጭብጨባ ሲያወርዱ ያየሁት ያኔ ነው። ይህን የመሰለ ጨዋ አፍ ማስያዣ የለም፤ ብትቆጣ ነውረኛው አንተ ነህ። ጋሽ ሩፊኖ የመጨረሻዋን ገጽ እንደያዙ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆሙ። አላለቀም።

ከዚያ አባቴ ወደ ፊት መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለአስተማሪዬ እጅ ነሳ። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። «ስለ ደግነትዎ በጣም እናመሰግናለን።»

አመሰገናት! ስደተኛ በር ሲከፈትለትም ያመሰግናል፣ በር ሲዘጋበትም ያመሰግናል፤ አፉ ለምዷል። ያን ይሉኝታ እስከዛሬ አልታረቅኩትም።

በታክሲው ወደ ቤት ስንመለስ፣ የከተማውን ሐይቅ አልፈን መብራት ሲይዘን፣ አባቴ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ።

«ጋሽ ሩፊኖ» አለ በቀስታ። «ተሳፈረች?»

ጋሽ ሩፊኖ መስኮቱን እያዩ፣ «አመስግነሃት የለ?» አሉ። «እሷን ጠይቃት። ትንገርህ።»

የዚያ ዓመት ብርዱም ፀደዩም እንዲሁ አለፈ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ቆም ይላል።

«ጋሽ ሩፊኖ፣ እባክዎ፤ ተሳፈረች?»

«አስተማሪዋ ደህና ናት?» ይሉታል ከበሩ ውስጥ።

መጨረሻውን አውቃለሁ፤ ልነግረው አንድ ጊዜ አፌን ከፈትኩ። በጣቱ ዝም አሰኘኝ። «አንቺ አይደለሽም የምትነግሪኝ። ባለቤቱ ይንገረኝ። ያጠፋሁት እሳቸው ላይ ነው።» አንድ ቀን ጎረቤት ከተማ ኤመሪቪል መንገደኛ አድርሶ ሲመለስ ፓፓያ ገዝቶ በራቸው ላይ አስቀመጠ። ፓፓያውን በሉት። መልሱ ያው ነበር።

ትምህርት ሲዘጋ፣ ሳን ሆዜ የምትኖር የእህታቸው ልጅ ብቻቸውን መኖራቸው ይብቃ አለች። አባቴ እኔ ነኝ የማደርሳቸው ብሎ የዚያን ቀን ሥራውን ተወ። የጽሕፈት መኪናውን ከኋላ ጭነን፣ እኔ የአቼቶውን ጠርሙስ ጭኔ ላይ ይዤ፣ ፍሪዌይ ገባን። አባቴ ምንም አልጠየቀም። ተስፋ ቆርጦ ይሁን አፍሮ አላውቅም። ኒውአርክ የምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ስንደርስ ጋሽ ሩፊኖ ከኮታቸው ውስጥ አንዲት ገጽ አወጡ።

«ዓይንህን መንገዱ ላይ አድርግ» አሉትና አነበቡ።

ጀልበኛው እንሂድ ይላታል። ሴትየዋ ጀልባው ውስጥ ያለውን እግሯን ታያለች፣ መሬት ላይ ያለውን ታያለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ሁለቱንም ጫማዋን ታወልቃለች፤ ጭቃውን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጀልባው ወለል ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። «ለባሌ ስጥልኝ» ትለዋለች። «ከፈለገኝ ይዞልኝ ይምጣ።» ጀልባውን በባዶ እግሯ ገፍታ ትለቀዋለች። ጫማዎቹ ብቻቸውን ይሻገራሉ።

አባቴ ትንሽ ነዳ።

«አልተሳፈረችም?»

«አልተሳፈረችም።»

«ሰውየው እየጠበቃት እኮ ነው!»

«ይጠብቅ።»

«ለእሷ ብሎ አይደል ወገቡ የተቆረጠው? ባዶ ጫማ ይላክለታል? እርስዎ ጨካኝ ነዎት!»

«ደራሲ ነኝ።»

«ልክ አይደለም! የኔ ሚስት ተሳፍራለች!»

«ያንተ ሚስት የኔ ልብወለድ ውስጥ የለችም» አሉ ጋሽ ሩፊኖ፣ ወደ ፊት ተስበው። ድምፃቸው ወጣት ሆኖ ነበር። «ብትኖር አላሳፍራትም ነበር!»

አባቴ መሪውን መታ። መውጫችንን አለፍነው፤ ስንመለስም እየተጨቃጨቁ ነው። ጋሽ ሩፊኖ እንዲያ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። ያ ሁሉ የወፍጮ ቤት ሰው፣ ያ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንደር፣ አንድ ታክሲ ውስጥ ገብቶ በገጸ ባሕሪያቸው የተነሳ ይሰድባቸዋል። አስተዋፅኦ የሚለውን ቃል ርዕሳችን ላይ የጻፈች ሴት ይህን ብታይ «ተረጋጉ» ትል ነበር። ግድግዳውን የሣሉትም እንደዚያው። እጅ ሥለዋል፤ የእጁ ባለቤት ሰው ማናደድ እንደሚችል ማን ነግሯቸው?

አባቴ የጽሕፈት መኪናውን ደጃፉ ላይ አኖረና ሳያመሰግን፣ ሳይመርቅ፣ በሩን ድርግም አድርጎ ታክሲው ውስጥ ገባ። ጠርሙሳቸውን ስሰጣቸው ጋሽ ሩፊኖ አንገታቸውን ወደ ታክሲው ነቀነቁ።

«ያ አባትሽ» አሉኝ፣ «አንባቢ ነው።»

ቤት ስንደርስ አባቴ አልበረደለትም። እናቴ ከሺፍቷ ተመልሳ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጭ የሥራ ጫማዋን ታወልቃለች። እግሯ አብጧል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገራት፤ ወንዙን፣ ጀልባውን፣ ተስፋ ያደረገውን ሰውዬ።

«እስቲ አንቺ ፍረጂ!» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ይደረጋል?»

እናቴ አንዱን ጫማ እንደያዘች ቆየች። «ጫማዋን ላከችለት?»

«አዎ!»

«ከፈለገኝ ይዞ ይምጣ ብላ?»

«አዎ እንጂ! ይታይሽ እንግዲህ!»

ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች። ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

«ደግ አደረገች» አለችና በባዶ እግሯ ወደ ጓዳ ገባች።

ጫማዎቹ በሩ ላይ ቀሩ። አባቴ ቆሞ አያቸው፤ አላነሳቸውም፣ ተሻግሯቸውም አልወጣም።